የአሮጌ ፒካፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ ብልሽት ምርመራ

የአሮጌ ፒካፕ አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሽ ማዘግየት፣ መንሸራተት ወይም ሲቀይር በኃይል መንጠቅ ሲጀምር፣ መንስኤው በአብዛኛው ካምቢዮው ሳይወርድ ሊለይ ይችላል። የምርመራው ዋና ጥያቄ የትኛው ማርሽ ጠፋ፣ የትኛውስ ቀረ የሚል ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ጄኔራል ሞተርስ በሸቭሮሌትና በጂኤምሲ ፒካፖች ላይ የገጠመው ባለአራት ማርሽ ካምቢዮ ነው። ከ1982 ሞዴል ጀምሮ 700አር4 ሲባል ቆይቶ በ1990 4ኤል60 ተባለ፤ በ1993 ደግሞ በኮምፒውተር የሚታዘዘው 4ኤል60-ኢ በፒካፖቹ ላይ ተተካ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘይቱ መጀመሪያ ይታያል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፓርክ ላይ ሆኖ ይለካል። ሞተሩ ጠፍቶ ከተለካ መጠኑ ከእውነተኛው በላይ ይታያል። ዘይት ሲያንስ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ማርሹ ዘግይቶ ይይዛል፣ ዳገት ላይም ይንሸራተታል። የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ዘይት የፍሪሲዮን ዲስኮች መቃጠላቸውን ይናገራል። ወተት የነካው የሚመስል ሮዝ ዘይት ደግሞ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተበስቶ ውሃ መግባቱን ያሳያል። ዘይት መቀየር ያለቀ ዲስክ አይመልስም፤ ካምቢዮ ያድናል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውም ፈሳሽ እንዲሁ።

በ700አር4 ላይ ብዙ ጥፋት የሚመጣው ከካምቢዮው ውጭ ካለ ቀጭን ኬብል ነው። ኬብሉ ከካርቡሬተሩ ተነስቶ ካምቢዮው ውስጥ ይገባል፤ ነጂው ነዳጅ በረገጠ መጠን የዘይቱን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ማርሽ የሚቀየርበትንም ጊዜ ይወስናል። ከላላ ማርሾቹ ቶሎና በለስላሳው ይቀየራሉ። ነጂው ይህን እንደ ጥሩ ምልክት ሊቆጥረው ይችላል፤ ነገር ግን ግፊቱ አንሶ ዲስኮቹ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ከጠበቀ ማርሹ ዘግይቶ፣ መኪናውን እየናጠ ይገባል። ካርቡሬተሩ በሌላ ዓይነት ተለውጦ ኬብሉ የሚታሰርበት ነጥብ ከተዛነፈ፣ ጤነኛ ካምቢዮ በአጭር ጊዜ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ፒካፑ ከዚህ በፊት ምን ተቀይሮለት እንደነበር መጠየቅ ግፊት የመለካት ያህል ይጠቅማል።

በ4ኤል60-ኢ ይህ ኬብል የለም፤ ማርሾቹን ሁለት ሶሌኖይዶች ይመርጣሉ። ሁለቱም ኤሌክትሪክ ሲያጡ የሚገኘው ሦስተኛ ማርሽ ነው። ስለዚህ ከቆመበት በከባዱ የሚነሳ፣ የኋላ ማርሽ ግን ያለው ፒካፕ ፊውዙና የሽቦው መሰኪያ ሳይፈተሽ ካምቢዮው መፈታት የለበትም። ከ1996 ሞዴል ወዲህ ባሉት ላይ የብልሽት ኮድ በማንበቢያ መሣሪያ ይወጣል። ፒ1870 የሚለው ኮድ መንሸራተትን ያመለክታል፤ በተደጋጋሚ የሚታይ መንስኤው በቫልቭ ቤቱ ውስጥ ያለ ቀዳዳ መበላት ነው። ኮምፒውተሩም ካምቢዮውን ለማዳን ግፊቱን እስከ ጫፍ ስለሚያወጣ ማርሹ በኃይል ይነጥቃል።

ውስጣዊ ስብራት የራሱ አሻራ አለው። አንደኛ፣ ሁለተኛና የኋላ ማርሽ እየሠሩ፣ ወደ ሦስተኛ ሲሄድ ሞተሩ ብቻ የሚጮህ ከሆነ የሦስተኛና አራተኛ ፍሪሲዮን ተቃጥሏል፤ የዚህ ካምቢዮ የታወቀ ድካምም ይህ ነው። ሁለተኛ፣ አራተኛና የኋላ ማርሽ አብረው ከጠፉ፣ መሃለኛውን ጥርስ የሚያዞረው ከበሮ መሰል ብረት ተሰብሯል። ሁለተኛና አራተኛ ጠፍተው የኋላው ካለ ግን ጥርጣሬው ሁለቱን ማርሾች በሚይዘው ቀበቶ ወይም ቀበቶውን በሚገፋው ፒስተን ላይ ይወድቃል።

በመካከለኛ ፍጥነት የሚሰማ መንቀጥቀጥ ያሳስታል፤ ከቶርክ ኮንቨርተሩ መቆለፍም ከሞተር መሳትም ሊመጣ ይችላል። ነጂው ነዳጅ ሳይለቅ በግራ እግሩ ፍሬኑን ነካ ሲያደርግ ቁልፉ ይለቃል፤ መንቀጥቀጡ ያን ጊዜ ከቆመ ወደ ኮንቨርተሩ ይታያል፣ ካልቆመ ወደ ካንዴላና ወደ ነዳጅ መስመሩ።

በመጨረሻ ከታች ያለው የዘይት ቋት ይፈታል። ማግኔቱ ላይ የሚገኝ ጥቂት ጥቁር ልም የተለመደ ነው፤ የብረት ስንጣሪ ወይም የዲስክ ቁራጭ ከተገኘ ግን ካምቢዮው ይወርዳል። ያኔ የማቀዝቀዣው ቱቦዎችም መታጠብ አለባቸው፤ በውስጣቸው የቀረው ስባሪ ወደ ታደሰው ካምቢዮ ይመለሳልና።