ኮሶ፦ ከጎንደር ገበያ እስከ ማሳችን ዳር

ዛሬ ስለ ማዳበሪያ አይደለም የማወራችሁ፤ ስለ ኮሶ ዛፍ ታሪክ ነው። ደጋ ያላችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ።

ኮሶ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ገደማ ጀምሮ የሚበቅል የተራራ ዛፍ ነው። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ስለሚወዱ የኮሶ ትል አይለቃቸውም ነበር። ስለዚህ በየሁለት ወሩ ገደማ የደረቀ የሴቴ ኮሶ አበባ ወቅጠው፣ በውኃ በጥብጠው፣ በባዶ ሆድ ይጠጡ ነበር። ምሬቱን የቀመሰ ያውቀዋል! የጠጣ ሰው ያን ቀን ከቤቱ አይወጣም።

በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ይህን አይቶ በመጽሐፉ ጻፈው። በኋላም አበባው ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመር። ሳይንሳዊ ስሙ "ሃጌኒያ አቢሲኒካ" ነው፤ ሁለተኛው ቃል "የሐበሻ" ማለት ነው።

እኛ አገር ግን ኮሶ መሸጥ የድሃ ሥራ ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ሲቸግራቸው ኮሶ ሸጡ ስለተባለ፣ ጠላቶች ካሳን "የኮሶ ሻጭ ልጅ" እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ እንዲህ ብለው ፎክረው ሲማረኩ፣ ካሳ ያንኑ ኮሶ አጠጧቸው ይባላል። የእኚያ የተናቁ እናት ልጅ በ1847 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ።

ዛሬ ደግሞ ዛፉን ራሱን ንቀነዋል። እንጨቱ ቀይና ለቤት ዕቃ የሚያምር ስለሆነ ተቆርጦ እያለቀ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከጽድ፣ ከዝግባና ከዋንዛ ጋር በስም ጠርቶ ጥበቃ ያደረገለት በከንቱ አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኮሶ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ነው። "ይሄ ወንዴ ነው፣ መድኃኒት አይሆንም" ብለን ከቆረጥነው፣ ሴቴዋም ብቻዋን የሚበቅል ዘር አትሰጥም። ስለዚህ ሁለቱንም አቆዩ። ዘሩ ሲደርስ ከሴቴዋ ሰብስባችሁ ችግኝ አፍሉ፤ ቅጠሉ ሲረግፍም ለአፈሩ ጥሩ ነው።

መድኃኒቱን ግን በግምት አትጠጡ። መጠኑ ከበዛ ዓይን ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር እናትማ ጨርሶ አትንካው። ኮሶ ከታያችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ቀላል ኪኒን አለው። ሥጋውንም አብስላችሁ ብሉ።

ዛፉን ለልጆቻችን እናቆይላቸው። መልካም የሥራ ጊዜ!