የሹፌር ዓይንና የማስጠንቀቂያ መብራት

ማስጠንቀቂያ በበዛ ቁጥር አደጋ ይቀንሳል የሚል አስተሳሰብ አለ። እኛም በማሠልጠኛ ተቋማችን የእጩ መምህራንን ደብተር ስናርም ገጹን በቀይ እስክሪብቶ መሙላትን እንደ ትጋት የቆጠርንበት ጊዜ ስለነበረ፣ ለስሕተቱ እንግዶች አይደለንም። ነገሩ በመኪና ታሪክ እንዴት እንደተፈተነ እንመልከት። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1960ዎቹ ጆን ሴንደርስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንድ ጥያቄ አነሣ፤ ሹፌር መንገዱን በየስንት ጊዜው ማየት አለበት? መልሱን ለማግኘት ራሱ መሪ ጨበጠ። ባጠለቀው የራስ ቁር ላይ ብርሃን እንጂ ምስል የማያሳልፍ መጋረጃ ተገጥሞ በየጊዜው እየወረደ ዓይኑን ይጋርደዋል፤ ከዚያ ለአፍታ ይገለጥለታል። እንዲህ ሆኖ በቦስተን አካባቢ በአውራ ጎዳና ላይ ነዳ (ማንም እንዳይሞክረው አደራ እንላለን)። ከባልደረቦቹ ጋር በ1967 ያሳተመው ውጤት ግልጽ ነበር። ዓይን ረዘም ላለ ጊዜ ሲጋረድ ነጂው ፍጥነት ለመቀነስ ይገደዳል፤ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ቶሎ ቶሎ ማየት ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ የሹፌር ዓይን እንደ መምህር ደመወዝ ቁርጥ ነው፤ ለዳሽቦርዱ የወጣው ሁሉ ከመንገዱ ይቀነሳል።

ማስጠንቀቂያ በዓይን ብቻ ሳይሆን በትዕግሥትም ላይ ይከብዳል። በአሜሪካ የ1974 ሞዴል መኪኖች የፊት ተቀማጮች የደህንነት ቀበቶ ካላሰሩ ሞተራቸው እንዳይነሣ ተደርገው ተሠሩ። ወንበሩ ግን የገበያ ዘንቢልንም ሆነ ውሻን እንደ ሰው ይቆጥር ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የወጣ ሕግ መሣሪያውን ማስገደድ ከለከለ፤ የቀበቶው ጩኸትም ከ8 ሰከንድ እንዳያልፍ ወሰነ። ቀበቶ ሕይወት እንደሚያድን የሚጠራጠር የለም። ዘንቢልን ከሰው የማይለይ ማስጠንቀቂያ ግን እውነት ሲናገርም የሚያምነው አያገኝም፤ በእኛ አስተያየት የሚያሳዝነውም ይኸው ነው።

አውሮፕላን ሠሪዎች ቀድመው ነቅተዋል። በ1982 ሥራ የጀመረው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1984 የተረከበው ቦይንግ 767 ማስጠንቀቂያዎችን በደረጃ ይከፍላል፤ ለመነሣት ሲንደረደርም የማያጣድፉትን ያዘገያል።

ለመኪና ተመሳሳይ ልክ የመጣው ዘግይቶ ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2013 ባወጣው፣ ግዴታ ባልሆነ መመሪያ፣ ለአንድ ሥራ ዓይን ከመንገድ ሲነሣ በአንድ ጊዜ ከ2 ሰከንድ፣ በጠቅላላው ከ12 ሰከንድ እንዳይበልጥ መከረ። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በ2 ሰከንድ 50 ሜትር ይሄዳል። ሒሳቡን በሰሌዳ ካሠራን በኋላ ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ አውጥተን፣ ርቀቱን ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲራመዱት ማድረግ እንችላለን።