ዝምተኛ ልጅ ሁሉ ሰላም አለው ወይ?

«ጨዋ ነው፣ ድምፁ አይሰማም» እያልን የምናሞግሰው ጎረምሳ ሁሉ ሰላም አለው ማለት አይደለም። አንዱ ዝም የሚለው ተፈጥሮው ቁጥብ ስለሆነ ነው፤ ሌላው ግን ስለሚፈራ ነው። ሁለቱን ስለምናምታታ አንዱን ሳይታመም ልናክመው እንሞክራለን፣ ሌላውን እየተጨነቀ እናመሰግነዋለን።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከልጁ ጋር የሚወለደውን ዝንባሌ «ቴምፕራመንት» ይሉታል። በዚህ መሠረት ላይ አስተዳደግ፣ ትምህርትና ኑሮ ተጨምረው የሚገነባው ሙሉ ማንነት ደግሞ «ፐርሰናሊቲ» ይባላል።

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ጀሮም ኬገን የአራት ወር ሕፃናትን አዲስ ድምፅ፣ ሽታና ተንቀሳቃሽ መጫወቻ እያቀረቡ ተመለከቱ። 20 በመቶ ያህሉ እየተወራጩ አለቀሱ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሁለት ዓመታቸው እንግዳ ሰውና እንግዳ ነገር የሚሸሹ ሆኑ። ኬገንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ በሁለት ዓመታቸው እንዲህ የነበሩ ልጆች፣ በ13 ዓመታቸው ሰው ፊት የመቅረብ ጭንቀት ከሌሎቹ ይልቅ በርክቶ ታይቶባቸዋል።

ይሁን እንጂ ፈሪ ሆነው ከጀመሩት ልጆች ብዙዎቹ የጭንቀት ሕመም አልያዛቸውም። እኔ የሕግ ሰው ነኝና በሕግ ቋንቋ ላስረዳው፤ ተፈጥሮ በማስረጃ ሊፈርስ የሚችል ግምት እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ግምቱን የሚያጸናው መሸሽ ነው። ልጁ ክፍል ውስጥ እጁን ማውጣት ይፈራል፤ ዝም ሲል ለጊዜው ይቀለዋል። ያ እፎይታ በሚቀጥለው ቀንም እንዲሸሽ ያስተምረዋል። እናት በእርሱ ፈንታ ስትመልስ፣ አባት «ፈሪ!» ብሎ ሲገፈትረው ፍርሃቱ ሥር ይሰዳል።

የአውስትራሊያው ማኳሪ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሮናልድ ራፒና ባልደረቦቻቸው ዓይን አፋር ሕፃናት ላሏቸው ወላጆች ስድስት ጊዜ ብቻ ሥልጠና ሰጡ። ትምህርቱ ከልክ ያለፈ ጥበቃን መቀነስና ልጁን ከሚፈራው ነገር ጋር ቀስ በቀስ ማለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የጭንቀት ሕመም የተገኘባቸው ልጆች ሥልጠና ካላገኙት ወላጆች ልጆች ያነሱ ነበሩ።

እንግዲህ ልጅዎ ለምን እንደማይናገር ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚቀርበት ይመልከቱ። ጥቂት ጓደኞች ኖረውት፣ ትምህርቱን እየተከታተለና እየተኛ ከሆነ ተፈጥሮውን ያክብሩለት። በፈተና ጠዋት ሆዱን የሚያመው፣ ከትምህርት ቤት የሚቀር፣ እንቅልፍ ያጣ ከሆነና ይህም ለሳምንታት ከቀጠለ ግን ጨዋነት ነው ብለው አይለፉት፤ ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት።