የሾጂ ካዋሞሪ ዜና መዋዕል

ይህ ጽሑፍ በጃፓን አገር የተነሣውን፣ አውሮፕላንን ሰው አድርጎ ያቆመውን፣ ጦርነትንም በዘፈን ያስፈታውን የሾጂ ካዋሞሪን ዜና ይናገራል። ዘመኑ ሁሉ የተቆጠረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ምዕራፍ 1
ስለ ትውልዱና ስለ ትምህርቱ

በ1960 ፌብሩዋሪ 20 ቀን፣ በረዶ በሚበዛበት በቶያማ አውራጃ ሾጂ ካዋሞሪ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ዮኮሃማ ወረደ፤ ያደገውም በዚያ በታላቁ የወደብ ከተማ ነው። ያ ዘመን ጃፓን ከጦርነት አመድ ተነሥታ ብረት የምታቀልጥበት፣ መርከብና መኪና ለዓለም የምትልክበት ዘመን ነበረ። በ1969 ሰው ጨረቃን በረገጠ ጊዜ ካዋሞሪ የ9 ዓመት ልጅ ነበረ።

በ1972 ማዚንገር ዜድ የተባለው ሮቦት በቴሌቪዥን ታየ። አንድ ወጣት በሮቦቱ ራስ ላይ ተቀምጦ እንደ መኪና ይነዳው ነበረና የልጆች ሁሉ ልብ ወደ እርሱ ሄደ። በ1979 ደግሞ ጋንዳም መጣ። ይህ እንደ ፊተኛው ተአምር የሚሠራ ጀግና አልነበረም፤ ጥይት የሚያልቅበት፣ የሚሰበርና የሚጠገን የጦር መሣሪያ ነበረ። የነደፈውም ኩኒዮ ኦካዋራ ነው። እንዲህ ያሉትን ማሽኖች ለፊልም የሚነድፍ ሰው ሜካ ዲዛይነር ይባላል፤ ሙያውም በዚያ ዘመን ገና አዲስ ነበረ።

ካዋሞሪም በኬዮ ዩኒቨርሲቲ ወደ ምሕንድስና ትምህርት ገባ። በዚያው በኬዮ ሠዓሊው ሃሩሂኮ ሚኪሞቶና ጸሐፊው ሂሮሺ ኦኖጊ ነበሩ፤ ኋላ ሦስቱም በአንድ ሥራ ላይ ተገናኙ። ገና ተማሪ ሳለም የሳይንስ ልብ ወለድ ሠዓሊዎች ወደ መሠረቱት ወደ ስቱዲዮ ኑዌ ሄደ፤ በዚያም እንደ ካዙታካ ሚያታኬ ካሉ ቀዳሚ ነዳፊዎች ጋር ሠራ።

ምዕራፍ 2
ስለ ቫልኪሪ አሠራርና ስለ ማክሮስ መነሣት

በ1982 ኦክቶበር 3 ቀን «ማክሮስ» የተባለው ተከታታይ ፊልም በቴሌቪዥን ተጀመረ። ካዋሞሪ ያን ጊዜ 22 ዓመቱ ነበረ። ዋናው ዳይሬክተር ኖቦሩ ኢሺጉሮ ነው፤ ታላቁን የጠፈር መርከብ ሚያታኬ፣ ሰዎቹን ሚኪሞቶ፣ ተዋጊ አውሮፕላኑን ካዋሞሪ ነደፉ። የአውሮፕላኑም ስም ቪኤፍ-1 ቫልኪሪ ተባለ።

ስለ ቫልኪሪ አሠራር ጥቂት መናገር ይገባል፤ የካዋሞሪ ስም የተነሣው በእርሱ ነውና። ሲያዩት ክንፉን የሚዘረጋና የሚያጥፍ፣ ኤፍ-14 የተባለውን የአሜሪካ ጄት የሚመስል አውሮፕላን ነው። ነገር ግን ሁለቱ ሞተሮቹ ወደ ታች ሲታጠፉ እግር ይሆናሉ። እሳት የሚተፋው የሞተሩ አፍ ተከፍሎ መሬት የሚረግጥ ጫማ ይሆናል። ክንዶቹ በሁለቱ ሞተሮች መካከል ከሆዱ ሥር ተኝተው ይኖሩና ወደ ጎን ይወጣሉ። አፍንጫው ታጥፎ ደረት ይሆናል፤ ክንፎቹ በጀርባው ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከሆዱ ሥር መሣሪያ መስሎ ተሰክቶ የነበረውም ራስ ሆኖ ይቆማል። በዚያን ጊዜ ባትሮይድ ይባላል። በመካከልም ጌርዎክ የሚባል ሦስተኛ መልክ አለው፤ ይህም አካሉ አውሮፕላን ሆኖ ሳለ እግርና ክንድ አውጥቶ፣ ጉልበቱን እንደ ወፍ ወደ ኋላ አጥፎ የሚቆምበት ነው።

ለውጡም ያለ ምክንያት አልነበረም። በታሪኩ ውስጥ ምድርን የሚወጉት ዜንትራዲ የተባሉ፣ 10 ሜትር ያህል የሚረዝሙ ግዙፋን ናቸው፤ ከግዙፍ ጋር እጅ ለእጅ ለመያያዝ ደግሞ ክንድና እግር ያለው ማሽን ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ታካቶኩ የተባለው ፋብሪካ የቫልኪሪን አሻንጉሊት ሠርቶ በሸጠ ጊዜ፣ ልጁ በቴሌቪዥን ያየውን ለውጥ በገዛ እጁ ይፈጽመው ነበረ። በሥዕል ብቻ የሚሆን ማታለል አልነበረበትም። ካዋሞሪ ይህን ሕግ ከዚያ ወዲያ አልተወውም።

በዚያው ወራት ታካራ ለተባለው ኩባንያም አሻንጉሊት ይነድፍ ነበረ። ከሂሮዩኪ ኦባራ ጋር የሠራው ከጭነት መኪና ወደ ሮቦት የሚለወጠው በ1984 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ ትራንስፎርመርስ በተባሉት ሮቦቶች መካከል ኦፕቲመስ ፕራይም ተባለ። ትራንስፎርመርስን ያየ ሁሉ፣ ስሙን ባያውቅም እንኳ፣ የካዋሞሪን እጅ አይቷል።

ምዕራፍ 3
ዘፈን ጦርነትን ስለ ማሸነፉ

ማክሮስ ከሌሎች የሮቦት ፊልሞች ሁሉ የተለየበት ነገር ሊን ሚንሜይ የተባለች ዘፋኝ ልጅ ናት። ከተማዋ በሙሉ በጠፈር መርከቡ ውስጥ ተጠልላ ስትኖር፣ ይህች ልጅ በቁንጅና ውድድር አሸንፋ ዘፋኝ ሆነች። ዜንትራዲ ከጦርነት በቀር ሌላ አያውቁም ነበረ፤ ወንዱና ሴቱም ተለያይቶ ይኖር ነበረ። ዘፈኑን በሰሙ ጊዜ ልባቸው ታወከ፤ ብዙዎቹም መዋጋትን ትተው ወደ ሰዎች መጡ። ተከታታዩ በ1983 ጁን 26 ቀን በ36 ክፍል ተፈጸመ።

በ1984 ጁላይ 21 ቀን ታሪኩ እንደ ገና ተሠርቶ በሲኒማ ታየ፤ ካዋሞሪም በ24 ዓመቱ ከኢሺጉሮ ጋር ዳይሬክተር ሆነ። በዚህ ፊልም ላይ ማሪ ኢጂማ የሚንሜይን ድምፅ ሆና የምትዘፍነው መዝሙር ከብዙ ሺህ ዘመን በፊት በጠፋች ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ የተገኘ ነው። መርከቡ ሁሉ ቃሉን እንደ ታላቅ ምሥጢር ይጠብቀዋል። በመጨረሻ ግን ምን እንደ ሆነ ተጠየቀ፤ መልሱም የጥንት ሰዎች በከተማቸው ይዘፍኑት የነበረ ተራ የፍቅር ዘፈን ነው የሚል ሆነ። ዓለምን ያዳነው አዋጅ ወይም ጸሎት አልነበረም፤ ሰው በየመንገዱ የሚያንጎራጉረው ዘፈን ነበረ። ካዋሞሪ ለዘፈን የሰጠው ክብር ከዚህ ይታወቃል።

ከዚህም በኋላ በ1985 በአሜሪካ ማክሮስን ከሌሎች ሁለት ፊልሞች ጋር አጣምረው ሮቦቴክ የሚል ስም አወጡለት። ከዚያም ስለ ባለመብትነቱ ለብዙ ዘመን ክርክር ሆነ፤ ብዙዎቹ የማክሮስ ሥራዎች ከጃፓን ሳይወጡ ቆዩ። በ2021 ኤፕሪል ባለመብቶቹ ተስማሙና መንገዱ ተከፈተ።

ምዕራፍ 4
ስለ መካከለኛው ዘመን ሥራዎቹ

በ1994 «ማክሮስ ፕላስ» ወጣ፤ ከካዋሞሪም ጋር ሺኒቺሮ ዋታናቤ በዳይሬክተርነት፣ ዮኮ ካኖም በሙዚቃ ሠሩ። ካዋሞሪና የበረራውን ትዕይንት የሚሥለው ኢቺሮ ኢታኖ ወደ አሜሪካ ሄደው በእውነተኛ አውሮፕላን የአየር ውጊያ ልምምድ አደረጉ፤ የሰው አካል በዚያ ፍጥነት ምን እንደሚሆን በገዛ ሥጋቸው አወቁት። በዚህ ፊልም ሻሮን አፕል የተባለች ዘፋኝ አለች፤ ሥጋ የሌላት፣ በኮምፒዩተር የተሠራች ናት። ሕዝቡ በድምፅዋ ይፈዛል፤ ኋላም ከተማውን ሁሉ ትማርካለች። ካዋሞሪ ፊተኛው ሥራው ያልተናገረውን በዚህ ተናገረ፤ ዘፈን ከሰው ልብ ካልወጣ ነጻ ማውጣቱ ቀርቶ ባሪያ ያደርጋል። ሰው ሠራሽ አእምሮ ዘፈን በሚጽፍበት በዛሬው ቀን ይህን ፊልም የሚያይ ሰው ይደነቃል።

ካዋሞሪ ኔፓልን ካየ በኋላ ሐሳቡን ያፈለቀው «ኤስካፍሎውኔ» በ1996 በ26 ክፍል ቀረበ። በዚያው ዓመት የባለቅኔው ኬንጂ ሚያዛዋ ልደት 100 ዓመት ሞላው፤ ካዋሞሪም ሕይወቱን ሰዎቹን ሁሉ በድመት መልክ አድርጎ በፊልም ተረከው። በ2001 ደግሞ «አርጁና»ን አወጣ፤ ይህም ስለ ምድር፣ ስለ ምግብና ስለ ኑክሌር ኃይል የሚጨነቅ ሥራ ነው። በዚሁ ዓመት ሶኒ የሠራውን ኤአርኤስ-220 የተባለውን አይቦ፣ ማለት ሮቦት ውሻ፣ መልኩን ነደፈ። ያን ጊዜ ንድፉ ከፊልም ወጥቶ በሰው ቤት ወለል ላይ ተራመደ።

በ2005 «አኳሪዮን» ተሠራ። ሦስት አውሮፕላኖች ሲጋጠሙ፣ እንደ አገጣጠማቸው ቅደም ተከተል ሦስት ልዩ ልዩ ሮቦት ይሆናሉ። ይህን ወረቀት ብቻ የሚችለው አልነበረም። ካዋሞሪ ሌጎ የተባሉትን የልጆች መጫወቻ ጡቦች ይዞ ተቀመጠ፤ እያጋጠመና እያፈረሰ፣ መታጠፊያው የሚዞርበትን፣ ክንዱ ከየት እንደሚወጣ በጣቱ እየፈለገ አገኘው። ሲሠራ ካየ በኋላ ነው ሌሎች እንዲሥሉት የሰጠው። ኋላም በ2008 «ማክሮስ ፍሮንቲየር»ን በ25 ክፍል፣ በ2016 ደግሞ «ማክሮስ ዴልታ»ን በ26 ክፍል አወጣ፤ በሁሉም ውስጥ ዘፋኝ ከተዋጊ ጋር እኩል ቆመ።

ምዕራፍ 5
ስለ ኦሳካው ኤክስፖና ስለ ጽሑፉ ፍጻሜ

በ2025 ከኤፕሪል 13 እስከ ኦክቶበር 13 ቀን በኦሳካ የዓለም ኤክስፖ ተደረገ፤ ካዋሞሪም ከመሪ ፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ሆኖ ስለ ሕይወት የሚናገር አዳራሽ አሠራ። ጎብኚው መነጽር አድርጎ 499 ሴኮንድ የሚቆይ ትዕይንት ያይ ነበረ። 499 ሴኮንድ የፀሐይ ብርሃን ምድር ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ ነው። የትዕይንቱም ነገር አንዱ ሕይወት ሌላውን እየመገበ እንዴት እንደሚዋሐድ ነበረ። በወጣትነቱ ብረትን ከብረት ያጋጠመው ሰው በ65 ዓመቱ ፍጥረትን ከፍጥረት ሲያጋጥም ታየ።

ስለ ካዋሞሪ የሚፈረደው ፍርድ ይህ ነው፤ ከእርሱ የተሻለ ሮቦት የሣለ ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን የሣለውን በእጁ ሳይፈትን ለሕዝብ አልሰጠም፤ የነደፈውንም መሣሪያ ከዘፈን በላይ አላደረገውም። ንድፍ የምትማር ልጅ ሆይ፣ የሣልኸው ማሽን መታጠፉን ዓይንህን አትጠይቅ፤ በጭቃም ቢሆን፣ በካርቶንም ቢሆን፣ አስቀድመህ ሠርተህ እጠፈው።