የታሸገ የውሻና የድመት ምግብ ቆርቆሮዎች የውስጥ ልባስ ደህንነት

ለውሻና ለድመት ተብሎ በቆርቆሮ የሚታሸግ ምግብ ብረቱን በቀጥታ አይነካም። በሁለቱ መካከል እንደ ቀለም የተቀባ ስስ ልባስ ይገኛል። ልባሱ የምግቡ ጨውና አሲድ ቆርቆሮውን እንዳያዝገውና ብረቱም ወደ ምግቡ እንዳይገባ ይከላከላል። የዛገና የተበሳ ቆርቆሮ ለአደገኛ ባክቴሪያዎች በር ስለሚከፍት፣ የልባሱ ጠቀሜታ ከፍተኛ ነው። ይሁንና ልባሱ የሚሠራበት ኬሚካል ራሱ የመንግሥታትንና የተመራማሪዎችን ትኩረት የሳበ ጉዳይ ሆኗል።

ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በስፋት ሲሠራበት የቆየው ኢፖክሲ የተባለው ልባስ የሚዘጋጀው ቢስፌኖል ኤ ወይም በአጭሩ ቢፒኤ ከተሰኘ ኬሚካል ነው። ቢፒኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1891 ሲሆን፣ ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን የመምሰል ጠባይ እንዳለው በ1930ዎቹ ታውቋል። ከልባሱ ጋር ሳይዋሐድ የቀረው ጥቂት ቢፒኤ ወደ ምግቡ የሚዘልቀው በአመዛኙ ቆርቆሮው ከታሸገ በኋላ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት በሚቀቀልበት ወቅት ነው።

የሰው ምግብ ልዩ ልዩ ሲሆን፣ ውሻና ድመት ግን አንድ ዓይነት የታሸገ ምግብ ለዓመታት በየዕለቱ ሊመገቡ ይችላሉ። በመሆኑም ጥቂቱ መጠን የሚደጋገምባቸው ለእነርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 በጃፓን ይፋ የሆነ ጥናት በአንድ ግራም የታሸገ የድመት ምግብ ውስጥ ከ13 እስከ 136፣ በውሻ ምግብ ውስጥ ደግሞ ከ11 እስከ 206 ናኖግራም ቢፒኤ መገኘቱን አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የወጣ ሌላ ጥናት፣ ክዳናቸው በእጅ ተስቦ ከሚከፈት ቆርቆሮዎች የተመገቡ ድመቶች ለታይሮይድ ዕጢ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ጥናቱ ግንኙነት መኖሩን እንጂ መንስኤውን አላረጋገጠም።

በአሜሪካ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረጉት ጥናት ደግሞ 14 ጤነኛ ውሾች ለሁለት ሳምንት የታሸገ ምግብ ተመግበዋል። በዚህም ምክንያት በደማቸው ውስጥ የነበረው የቢፒኤ መጠን ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ አድጓል። ከሁለቱ ምግቦች አንደኛው ቢፒኤ የለበትም ተብሎ የታመነበት የነበረ ቢሆንም፣ በምርመራ ኬሚካሉ ተገኝቶበታል።

የቁጥጥር አካላት አቋም የተለያየ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ለሰው በቀን በኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 4 ማይክሮግራም ያደረገውን ገደብ፣ በ2023 በ20 ሺህ እጥፍ በመቀነስ 0.2 ናኖግራም አድርጎታል። ይህን ተከትሎ የአውሮፓ ኅብረት ቢፒኤ ከምግብ ጋር በሚነካኩ ዕቃዎች ላይ እንዳይውል በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ደንብ አውጥቶ፣ ለአምራቾች የመሸጋገሪያ ጊዜ ሰጥቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በበኩሉ በ2012 ለሕፃናት ጡጦ፣ በ2013 ለሕፃናት ወተት ማሸጊያ ልባስ የሰጠውን ፈቃድ ያነሣው አምራቾች መጠቀማቸውን በመተዋቸው እንጂ ከደህንነት ሥጋት የተነሣ አልነበረም።

የአውሮፓው ደንብ የተቀረፀው ለሰው ምግብ በመሆኑ የእንስሳት መኖን በቀጥታ አይመለከትም። ስለሆነም በሰው ምግብ ላይ የተጣለ ክልከላ የውሻና የድመት ምግብ ቆርቆሮንም እንደሚሸፍን አድርጎ መውሰድ አይቻልም።

በአሁኑ ወቅት አክሪሊክና ፖሊስተር በምትክነት እያገለገሉ ይገኛሉ። ሆኖም «ቢፒኤ የለውም» የሚለው ጽሑፍ ምን እንደተተካ አይገልጽም። ገዢዎችም ሆኑ ተቆጣጣሪዎች አምራቹ የተጠቀመበትን የልባስ ዓይነትና ወደ ምግቡ የሚዘልቀውን መጠን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ውጤት ሊጠይቁ ይገባል። ያበጠ፣ የዛገ ወይም የተጨረመተ ቆርቆሮም ለእንስሳት መቅረብ የለበትም።