የፍላቮኖይድ ልኬት

በመድኃኒት ዕፅዋት ጭምቅ ውስጥ ያለውን የፍላቮኖይድ መጠን በቤተ ሙከራ የማወቅ ሥራ ነው። ፍላቮኖይዶች ዕፅዋት ራሳቸውን ከፀሐይ ጨረርና ከተባይ ለመከላከል የሚያመነጯቸው፣ በ15 ካርቦን አጽም ላይ የተዋቀሩ ውህዶች ናቸው። በኮንሶ ቅጠሉ ተቀቅሎ የሚበላው ሽፈራው ሩቲን የተባለውን ፍላቮኖይድ ይዟል፤ ጤና አዳምም እንዲሁ።

በብዛት የሚሠራበት የአሉሚኒየም ክሎራይድ ዘዴ ነው። የደረቀው ቅጠል ተፈጭቶ በሜታኖል ወይም በኢታኖል ይዘፈዘፋል፤ ከተጣራ በኋላ ፈሳሹ እንዲተን ይደረጋል። ከጭምቁ ጥቂት ተሟሙቶ አሉሚኒየም ክሎራይድ ሲጨመርበት ቢጫው ይደምቃል። ድምቀቱ በስፔክትሮፎቶሜትር፣ አብዛኛውን ጊዜ በ415 ናኖሜትር፣ ይነበባል። ንባቡ ኩዌርሴቲን ከተባለ መጠኑ የታወቀ ፍላቮኖይድ ጋር ተነጻጽሮ በአንድ ግራም ጭምቅ ስንት ሚሊግራም የኩዌርሴቲን አቻ እንዳለ ይመዘገባል። ቁጥሩ ግን ግምት ነው፤ ዘዴው ፍላቮኖችና ፍላቮኖሎች የተባሉትን የፍላቮኖይድ ዓይነቶች በደንብ ሲያሳይ በብርቱካንና በሎሚ የሚገኙትን ፍላቫኖኖች አሳንሶ ያነባል። እያንዳንዱን ውህድ ለይቶ ለመለካት ኤችፒኤልሲ የተባለው መሣሪያ ያስፈልጋል።

ፍላቮኖይዶች ከቫይረስ ጋር ያላቸው ግንኙነት ብዙ ጊዜ ይጋነናል። ኩዌርሴቲን በቤተ ሙከራ በሚያድጉ ሕዋሳት ውስጥ የአንዳንድ ቫይረሶችን መባዛት እንደሚገታ ታይቷል። በአፍ ሲወሰድ ግን ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፤ እሱንም አንጀትና ጉበት ፈጥነው ይለውጡታል። ስለዚህ ከፍተኛ የፍላቮኖይድ መጠን ብቻውን የፀረ ቫይረስ ፈዋሽነት ማስረጃ አይሆንም፤ ጭምቁ ሕዋስን የሚጎዳበት መጠን ቫይረሱን ከሚገታበት መጠን ምን ያህል እንደሚርቅ መለካት፣ ከዚያም በሰው ላይ በጥንቃቄ መፈተሽ ግድ ነው።