በርሜሉን ማን አስቀመጠው? የጸረ ተባይ ታሪክና የኃላፊነት ጥያቄ

አማርኛችን ለፈውስና ለመርዝ አንድ ቃል ሰጥቷል። ሕሙም የሚድንበት መድኃኒት ነው፤ «መድኃኒት አበሉት» ሲባል ግን ስለ ጤና የሚወራ የሚመስለው ሰው የለም። ገበሬያችን በጀርባው አዝሎ በሽንኩርቱና በቲማቲሙ ላይ የሚረጨውን ኬሚካልም «መድኃኒት» ይለዋል። ባለሙያዎቻችን ይህን እየጠቀሱ ገበሬውን በአላዋቂነት ሲወቅሱ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ወቀሳው አድራሻውን የሳተ ይመስለኛል። ስሙን ያወጣለት ገበሬው አይደለምና፤ መድኃኒት ነው ብሎ እደጁ ድረስ ይዞለት የመጣው መንግሥት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከመነሻው እንየው። ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፓውል ሙለር ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል የደረሰበት በ1939 ነበር፤ በ1948 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። በ1958 በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወባን እምብዛም የማያውቀውን የደጋ ጠርዝ ሳይቀር አዳርሶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ማሳመሙና ወደ 150,000 የሚጠጋ ሰው መግደሉ ተመዝግቧል። በዓመቱ፣ በ1959፣ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዋና መሣሪያውም በቤት ግድግዳ ላይ የሚረጭ ዲዲቲ ሆነ። ይህን ለማጣጣል አልጽፍም። በዚያ ነጭ ዱቄት ምክንያት ያልሞቱ፣ ልጅ ወልደው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው።

እኔም ካደግሁበት ቆላ ቀመስ ቀበሌ የማስታውሰው ይህንኑ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ቢለዋወጥም ሰዉ «ወባ ማጥፊያዎች መጡ» ይል ነበር። እህሉና ዕቃው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ረጪዎቹ ገብተው ግድግዳውን ያረጥባሉ፤ እኛ ልጆች ሽታው ሳይለቅ ተመልሰን እንገባለን። ዱቄቱ ትኋንንም ይፈጃል ስለተባለ ከረጪዎቹ ጥቂት ለማግኘት የማይለማመጥ አልነበረም። የተገኘው ደግሞ ነቀዝ እንዳይበላው ከእህሉ ጋር ይቀላቀላል። አያቴ ይህን ስታደርግ አጠፋሁ ብላ አታስብም ነበር። መንግሥት በመኝታ ቤቷ የረጨውን ነገር በጎተራዋ ብትጨምረው ምን ይደንቃል?

ሁለተኛው ምዕራፍ የአንበጣ ነው። በዚያው በ1958 የበረሃ አንበጣ 167,000 ቶን እህል አወደመብን፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት ይቀልብ ነበር ተብሎ ተሰልቷል። በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ መንጋ በተነሣ ቁጥር ለጋሾች መርዝ ይልካሉ። መንጋው ግን የግዥ ሰነድና መርከብ አይጠብቅም። መርዙ ሲደርስ አንበጣው ሄዷል፣ ወይም ከሚያስፈልገው በላይ መጥቷል። የተረፈው በየአውራጃው መጋዘን ይቆለላል። ዲልድሪንን የመሳሰሉት በኋላ ሲታገዱ የታገደው መርዝ እዚያው ቀረ። በርሜሉ ዛገ፣ ጽሑፉ ለቀቀ፣ ፈሳሹ ወደ መሬት ሰረገ። የላከውም የተቀበለውም የሚያስወግድበትን መንገድ አላሰበም።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተጠራቀመው ይህ ክምችት ከ200 በላይ በሆኑ ቦታዎች ተበትኖ ተገኘ፤ አገራችንም በአፍሪካ ከፍተኛ የተበላሸ ጸረ ተባይ ካከማቹ አገሮች ተርታ ተሰለፈች። በአገር ውስጥ ይህን ዓይነት መርዝ በከፍተኛ ሙቀት የሚያቃጥል ተቋም ስላልነበረ፣ ከ2000 ጀምሮ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አስተባባሪነት ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋው እየታሸገ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተወስዶ ተቃጠለ። ከውጭ የመጣ መርዝ በስተመጨረሻ ወደ ውጭ ሄዶ ዐመድ ሆነ ማለት ነው። በመካከሉ ለሠላሳና ለአርባ ዓመታት በመጋዘኑ አጠገብ ውኃ የቀዱትንና ከብት ያሰማሩትን ግን የቆጠረ የለም።

ሕጉስ? ጸረ ተባይን ለመመዝገብና ለመቆጣጠር ልዩ ድንጋጌ ቁጥር 20 የወጣው በ1990 ነው። የወባ ማጥፊያው ድርጅት ከተቋቋመ 31 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! የተሻሻለው አዋጅ ቁጥር 674 ደግሞ በ2010 ወጣ። ዲዲቲን በሚመለከት፣ በ2001 የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ እንዲውል ፈቀደ። ትንኟ ግን እየተላመደችው ስለሄደች በ2000ዎቹ መጨረሻ አካባቢ እኛም በሌላ ተካነው። ቅሪቱ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዓሦች ውስጥ በተደጋጋሚ ጥናት ተገኝቷል።

እንግዲህ «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላል ያገራችን ሰው። የአያያዙን ትምህርት አልቃወምም። ጓንትና ጭምብል ማድረግ፣ ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ አለመርጨት፣ ከርጭት በኋላ ምርቱ ሳይሰበሰብ የሚቆይበትን ቀን መጠበቅ፣ ባዶውን ዕቃ ደጋግሞ አለቅልቆ መብሳትና ዘይት ወይም ውኃ አለመያዝ፣ ይህ ሁሉ ሕይወት ያድናል። ነገር ግን በገበያ ቀን ከኦሪጅናል ዕቃው ወጥቶ በብልቃጥ የተከፋፈለ መርዝ የሚገዛ ገበሬ የትኛውን ጽሑፍ ያንብብ? ጽሑፉ ቢኖርስ በማያውቀው ቋንቋ ከሆነ የቀይና የቢጫውን ምልክት ትርጉም ማን ይንገረው?

ከ2019 እስከ 2020 ለኢትዮጵያ ከ25 ዓመት ወዲህ የከፋው የአንበጣ መንጋ ሲመጣ በአውሮፕላንም በምድርም ማላቲዮንና ክሎርፒሪፎስ ተረጨ። መርጨቱ ግድ ነበር፤ የተራበ ሕዝብ ማሳውን ለአንበጣ አይለቅም። ይሁንና ከመጣው ስንቱ ተረጨ፣ ስንቱ ተረፈ፣ የተረፈውስ በማን ቁልፍ ሥር ነው ብሎ መጠየቅ የዜጋ ሁሉ ድርሻ ነው። የመጀመሪያው ክምችት የተወለደው ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ በመጥፋቱ ነውና።

ገበሬውን «ተጠንቅቀህ ተጠቀም» ከማለታችን በፊት ሻጩ በፈቃድ፣ አስመጪው በምዝገባ፣ ለጋሹ በልክ፣ መንግሥትም በመጋዘኑ ቁልፍ ይጠየቁ። አያቴ መመሪያ አልጣሰችም፤ የሰጣት አልነበረምና።

ቸር ይግጠመን።